የተቀመጠው ቆጣሪ አንባቢ

የውሃ ቆጣሪ ንባብ ክፍል ኃላፊው ከሐኪሙ ክፍል ሲወጣ የተሰጠውን ወረቀት አራት ቦታ አጥፎ በደረት ኪሱ ከተተና፣ ሾፌሩ መኪናውን እስኪያመጣለት ድረስ ኮሪደሩ ውስጥ ባለው ረጅም አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠ። መቀመጥ ደግሞ ያውቅበታል። ስድስት ዓመት ሙሉ ሌላ ሥራ አልነበረውም ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም።

«አንተ! የኛ ቆጣሪ አይደለህም እንዴ?»

ዞር ሲል ጸጉራቸው ጥጥ የመሰለ፣ ወገባቸው ግን እንደ ሸንበቆ ቀጥ ያለ ሴት አጠገቡ ተቀምጠዋል። ፊታቸውን ከማየቱ በፊት ድምፃቸውን ለየው። ሠላሳ ዓመት ተማሪ በሜዳ ሲያሯሩጡ የኖሩ የስፖርት አስተማሪ ናቸው፤ ጡረታ ከወጡም ቆይተዋል። ድሮ በየወሩ ቆጣሪ ከሚያነብባቸው ቤቶች አንዱ የእሳቸው ነበር።

«እትዬ! እርስዎ ነዎት?» ብሎ ከአክብሮት ሊነሣ ሞከረ። በመጀመሪያው ሙከራ ወንበሩ መልሶ ሳበው። በሁለተኛው ተነሣ።

«ተቀመጥ፣ ተቀመጥ» አሉና ሐሳባቸውን ለወጡ። «ኧረ እንዲያውም አትቀመጥ። ሁለቴ ታግለህ ነው የተነሣኸው፤ አይቼሃለሁ። እኔ እህቴን ላሳክም መጥቼ ነው፤ አንተ ግን የራስህን ወረቀት ነው የያዝከው። ምን ሆነህ ነው?»

«ስኳርዎ ድንበር ላይ ደርሷል፣ ደም ግፊትዎም ከፍ ብሏል አለኝ። መድኃኒት አዘዘልኝ። ከዚያ ደግሞ...» ትንሽ አፈረ። «በእግርዎ ይሂዱ አለኝ። አይገርምም? ሃያ ሁለት ዓመት በእግሩ ሲሄድ የኖረን ሰው!»

ሰውየው እውነቱን ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ቆጣሪ አንባቢ ነበር። ከበር በር እየዞረ ያንኳኳል፤ የብረት ክዳኑን ያነሣል፤ ጎንበስ ብሎ የቆጣሪውን መስተዋት በጨርቅ ይወለውልና ቁጥሩን ይጽፋል። የሰፈሩ ሕፃናት «ቆጣሪ መጣ! ቆጣሪ መጣ!» እያሉ ይከተሉታል። የትኛው ውሻ እንደሚናከስና የትኛው ለወሬ ብቻ እንደሚጮህ ከባለቤቶቹ አብልጦ ያውቅ ነበር። ከዚያ እድገት መጣለት፤ ኃላፊ ሆነ፤ ባለ ጎማ ወንበርም ሰጡት። ወንበሯን ወዲህ ገፋ ሲያደርጋት ጠረጴዛው ጋ፣ ወዲያ ገፋ ሲያደርጋት የመዝገብ ሣጥኑ ጋ ታደርሰዋለች። ወንበሯን ተከትሎ ደግሞ አክብሮቱ መጣ። ፋይል ሊያነሣ እጁን ሲዘረጋ «ኧረ ጋሼ፣ እኛ እያለን!» ብለው ይቀድሙታል። ውሃ ሊጠጣ ሲነሣ ሦስት ሰው ብድግ ይላል። ሾፌሩ ቦርሳውን ከእጁ ይቀበለዋል፤ ቤት ሲገባ ሚስቱ ነጠላ ጫማውን ታቀርብለታለች። ሁሉም ከልቡ ወዶት ነው፤ አንድም ክፉ ያሰበበት ሰው የለም። በእንዲህ ያለ ፍቅር ስንቱ ጎልማሳ ያለ ዕድሜው እንዳረጀ ቢጠና ጉድ ይወጣ ነበር።

«ያን ሁሉ ዓመት የሄድኩት አይበቃም እትዬ?» አለ ኃላፊው። «አሁን እንኳ ልቀመጥ እንጂ!»

«ያን ጊዜ የበላኸው ምሳ ዛሬ ያጠግብሃል?»

«እንዴት ያጠግበኛል?»

«የሄድከውም እንደዚያው ነው። ሰውነት የዛሬን ይጠይቃል። ስትተወው ደግሞ ይተውሃል። በል እውነቱን ንገረኝ፤ የሚያምህ እግርህ ነው?»

በኮሪደሩ ጫፍ አንዲት ነርስ ጋሪ እየገፋች አለፈች። ኃላፊው እስክትርቅ ጠበቀና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እግሬ አይደለም። ሆዴን ባር ባር ይለኛል። ጠዋት ስነቃ ደክሞኝ ነው የምነቃው። የሚያስቅ ነገር ሲያወሩ ሰው ሲስቅ አያለሁ እንጂ ሳቁ እኔ ጋ አይደርስም። ቤት ገብቼ ቴሌቪዥኑ ፊት እቀመጣለሁ፤ ምን እንዳየሁ ቢጠይቁኝ አላውቀውም። ሚስቴ ታወራኝ ነበር፤ እኔ 'እ' እላታለሁ። ከጊዜ በኋላ እሷም ተወችው።»

«አሁንስ?»

«ልጃችን ሌላ ከተማ ወልዳለች። ላርሳት ብላ ባለፈው ሳምንት ሄደች። ሦስት ወር ነው ያለችኝ። ሻንጣዋን ስታዘጋጅ ግን የበጋውንም የክረምቱንም ልብስ ስትከት አየሁ። ለሦስት ወር የዓመት ልብስ ምን ያደርጋል?»

«ጠየቅካት?»

«ምን ብዬ?»

«ትመለሻለሽ ወይ ብለህ ነዋ!»

«መልሱን ፈራሁት» አለ ኃላፊው፤ ዓይኑም እንባ አቀረረ።

አስተማሪዋ እንደ ብዙዎቻችን ቶሎ ለማጽናናት የሚቸኩሉ ሰው አልነበሩም። ከቦርሳቸው መሐረብ አውጥተው ሰጡትና እንባውን እስኪያብስ ጠበቁት። ከዚያ እንዲህ አሉት።

«ባለቤቴ ሲሞት እኔም ስድስት ወር አልጋ ላይ ነበርኩ። እኔ! በፉጨት ስንት ልጅ ያሯሯጥኩ ሴት፣ ከአልጋዬ እስከ መስኮቱ መሄድ ዳገት ሆኖብኝ ነበር። አንዲት የድሮ ተማሪዬ መጥታ ጫማዬን ራሷ አሰረችልኝና እጄን ይዛ አወጣችኝ። በመጀመሪያው ቀን አሥር ደቂቃ ሄድን፤ ተሳድቤ ተመለስኩ። በሁለተኛው ቀንም ሄድን። እንዳትሳሳት፣ መሄዴ ሐዘኔን አልወሰደልኝም። ዛሬም ይናፍቀኛል። ግን እንቅልፌ ተመለሰ፤ ምግብ ምግብ አለኝ፤ ሰው ሲያወራኝ መስማት ጀመርኩ። ሰውነት ሲንቀሳቀስ ደም ይዘዋወራል፤ ጭንቅላትም ሰውነት ውስጥ ነው ያለው፤ የተለየ ቤት የለውም።»

«እሱስ እውነት ነው። ግን የኔ ዕድሜና የኔ ቦታ... ሰው ምን ይለኛል?»

«ምን እንዲልህ ትፈልጋለህ? 'ክብሩን ጠብቆ ተቀምጦ ሞተ' ቢልህ ደስ ይልሃል?»

ኃላፊው ሳይወድ ፈገግ አለ። ሾፌሩ በዚያው ቅጽበት እየሮጠ መጣና ቦርሳውን ተቀበለው። አስተማሪዋ ሾፌሩንም ሆዱንም አዩና ራሳቸውን ነቀነቁ።

በማግስቱ ጠዋት ኃላፊው ጨክኖ በእግሩ ወጣ። ሾፌሩን «ዛሬ መኪና አልፈልግም» አለው። ሾፌሩ ግን የዋዛ ሰው አይደለም፤ ጌታውን አውላላ መንገድ ላይ ጥሎ መሄድ እንዴት ይሆንለታል? መብራቱን እያብለጨለጨ በእርምጃ ፍጥነት ከኋላው ይከተለው ጀመር። ኃላፊው ሲፈጥን ይፈጥናል፤ ሲቆም ይቆማል። ከኋላ የተሰለፉት መኪኖችም ነገሩ ምን እንደሆነ ባይገባቸውም ለማለፍ አፍረው መብራታቸውን አብርተው ተከተሉ። መንገደኛው ባርኔጣውን እያወለቀ ቆመ፤ አንዲት ሴትዮ አስከሬኑ የትኛው መኪና ውስጥ እንዳለ አጠገቧ ያለውን ሰው ጠየቀች። ኃላፊው ሰባት መቶ እርምጃ ያህል በራሱ ቀብር ላይ ከተራመደ በኋላ በሩን ከፍቶ መኪናው ውስጥ ገባ።

ቢሮ ሲደርስ ወሬው ቀድሞታል። «ጋሼን በእግራቸው ሲሄዱ አየናቸው» ተብሏል። በእግሩ የሚሄድ ኃላፊ ደግሞ ወይ መኪናውን ተነጥቋል፣ ወይ ከሥልጣኑ ወርዷል፤ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? ሠራተኞቹ ተራ በተራ እየገቡ «አይዞዎት ጋሼ፣ ሁሉም ያልፋል» አሉት። አንዲቱማ አልቅሳ ነው የወጣችው።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ኃላፊው በመኪና እስከ አስተማሪዋ ደጅ ሄዶ ነገሩን ሁሉ ዘረገፈላቸው። እሳቸው የአጥራቸውን ቅጠል እየከረከሙ ነበር። ስለ ቀብሩ ሲሰሙ መቀሱን አስቀምጠው ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ።

«ስለዚህ በቃኝ እትዬ። ለኔ አልተፈጠረም።»

«እሺ፣ በቃህ። መራመዱን ተወውና አንድ ነገር ልጠይቅህ። ከነዚያ ሃያ ሁለት ዓመታት ምኑ ነው የሚናፍቅህ?»

ኃላፊው እንዲህ ተብሎ ተጠይቆ አያውቅም። አጥሩን ተደግፎ ቆመና ቀስ በቀስ ይናገር ጀመር። ዓይነ ሥውሩ ሽማግሌ የኮቴውን ድምፅ ለይተው «ቆጣሪ፣ ዘገየህ» የሚሉት ይናፍቀዋል። ባልና ሚስቱ ተኳርፈው ሲያገኛቸው በእሱ በኩል መልእክት የሚላላኩበት ቤት ይናፍቀዋል። ክረምት ላይ ከብረት ክዳኑ ሥር ብቅ የምትለው እንቁራሪት ሳትቀር ትናፍቀዋለች። የትም ቢሄድ አንድ የሚጠብቀው በር ነበር።

«አሁን ማንም አይጠብቀኝም» አለ። «ሁሉም ያከብረኛል እንጂ።»

«እንግዲያው ልራመድ ብለህ አትውጣ» አሉ አስተማሪዋ። «እነሱን ልይ ብለህ ውጣ። ሥራ የያዘን ሰው ማንም አያስቆመውም፤ ማንም አያለቅስለትም። ለመሆኑ ኃላፊ ሆነህ ንባቡን ማረጋገጥ የለብህም?»

ኃላፊው አንገቱን ደፋ። «ደንቡ በየወሩ ጥቂት ቤቶች ራሴ ሄጄ እንዳይ ያዛል። እኔ ግን ስድስት ዓመት ሙሉ ወንበሬ ላይ ሆኜ ነው 'አይቻለሁ' ብዬ የፈረምኩት።»

«አየህ! ለጤናህ ብቻ መስሎህ ነበር፤ ለካ እዳም አለብህ» አሉት። «ስማኝ፣ በአንድ ጊዜ ጀግና ልሁን አትበል። መድኃኒትህን አታቋርጥ። በመጀመሪያው ሳምንት ሩብ ሰዓት ይበቃሃል። እየሄድክ ማውራት ካቃተህ ፈጥነሃል ማለት ነው፤ ቀስ በል። ደረትህን ከጨነቀህ ቁም፤ ሐኪም ጋ ሂድ። የማትቀበለኝ ምክር ደግሞ ይቺ ናት፦ ደስ ባላለህ ቀን ውጣ። ደስ ባለህ ቀንማ ማንም ይወጣል።»

«ሾፌሬንስ ምን ላድርገው?»

«እሱንም ይዘኸው ውጣ! ሆዱን አላየኸውም?»

ሰኞ ጠዋት መኪናዋ ቢሮው ግቢ ቆመች። ሾፌሩ «ጋሼ፣ እኔ እኮ ሾፌር ነኝ!» ብሎ ሽንጡን ገትሮ ተከራከረ። «ሾፌር እግር የለውም?» ሲባል ግን የመኪናውን ቁልፍ ኪሱ ከተተ። ኃላፊው የድሮውን የመመዝገቢያ ሰሌዳ በብብቱ ይዞ ፊት ሆነ፤ ሾፌሩ እያጉረመረመ ተከተለ። እውነትም ማንም አላስቆማቸውም። የቢሮው ሰዎችም «ጋሼ ቁጥጥር ጀመሩ» ሲባል ከማዘን ይልቅ መደንገጥ ያዙ።

ነገር ግን ደስታው በመጀመሪያው ቀን ከበር ላይ ቆሞ የሚጠብቀው የመሰለው ሰው ካለ ተሳስቷል። ጉልበቱ ሲጮህ ይሰማ ነበር። ሁለተኛው ቤት ሲደርስ ላቡ ሰሌዳው ላይ ተንጠባጠበ። ይባስ ብሎ ሰፈሩ የድሮው ሰፈር አልሆን አለው። ዓይነ ሥውሩ ሽማግሌ ከሞቱ አራት ዓመት ሆኗቸዋል። የተኳረፉት ባልና ሚስት ቤት ፈርሶ ፎቅ ተሠርቶበታል። በየበሩ «ማን ልበል?» ይሉታል። ማን ነኝ ይበል? በሦስተኛው ቀን ሆድ ብሶት ሊቀር ነበር፤ ደስ ባላለህ ቀን ውጣ መባሉ ትዝ አለውና እየረገመ ወጣ።

በሁለተኛው ሳምንት አንድ ሰማያዊ በር አንኳኳ። በዕድሜ ገፋ ያለች ልብስ ሰፊ መርፌዋን አንገትጌዋ ላይ እንደሰካች ከፈተችለት። አልፎ ገባና ክዳኑን በሁለት እጁ አነሣ፤ ጎንበስ ብሎም መስተዋቱን ወለወለ። ሴትየዋ ቆማ ታየዋለች።

«እንዲህ አድርጎ የሚወለውል ሰው ካየሁ ስንት ዘመኔ!» አለች። «የአሁኖቹ ባትሪ አብርተው ቁጥሩን አይተው እብስ ነው የሚሉት። ድሮ አንድ ቆጣሪ አንባቢ ነበር፤ ቀጭን፣ ረጅም። ገና ከመንገዱ ጫፍ ሲያንጎራጉር ይሰማኝ ነበር። ስፌቴን አስቀምጬ እጠብቀዋለሁ። የሚያወራው ነገር አያልቅበትም፤ እሱ መጥቶ የሄደ ቀን እኔም ሳንጎራጉር እውላለሁ። በኋላ ቀረ። የት ደርሶ ይሆን? ታውቀዋለህ?»

ኃላፊው ከቆጣሪው ቀና አላለም። የተወለወለውን መስተዋት ደግሞ ወለወለው። ያን ቀጭን ሰው ከሴትየዋ ይበልጥ የናፈቀው እሱ ነበር፤ ግን እስከዚያች ደቂቃ ድረስ የናፈቀው ሰፈሩ መስሎት ነበር።

«አውቀዋለሁ» አለ በመጨረሻ። «ታሞ ነበር። አሁን እየተሻለው ነው።»

«እሰይ! አደራህን፣ ሰላም በልልኝ። በሩን አትርሳ በልልኝ።»

«እነግረዋለሁ።»

ሾፌሩ ደጅ ላይ ሲጠብቅ ኃላፊው እያለቀሰም እየሳቀም ወጣ። ሾፌሩ ደንግጦ «መኪና ላምጣ ጋሼ?» ቢለው «መኪና? ገና ስምንት ቤት ይቀረናል!» ብሎት አለፈ። ከዚያን ቀን ወዲህ ማንም እንዲወጣ አልመከረውም፤ ምክር አላስፈለገውም።

በዚያው ቀን በምሳ ሰዓት ለሚስቱ ደወለ። ከሄደች ጀምሮ ስልካቸው «ልጁ ደህና ነው? ደህና። አንተስ? ደህና» ከማለት አልፎ አያውቅም ነበር። ያን ቀን ግን የልብስ ሰፊዋን ነገር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገራት። ስለ ቀብሩም ነገራት፤ ሲነግራት ራሱ መሳቅ ጀመረና ማቆም አቃተው።

«አለሽ?»

«አለሁ» አለች። «ቀጥል፤ እየሰማሁህ ነው።»

በማግስቱም ደወለ፤ በሦስተኛው ቀን እሷ ቀድማ «ዛሬስ የት ገባህ?» ብላ ደወለችለት።

እንግዲህ ይህን ታሪክ የምጽፈው እኔም ተቀምጬ ስለሆነ አንባቢዬን ልቆጣ አልደፍርም። የሆነውን ብቻ ልናገር። ሁለት ወር ሳይሞላ ኃላፊው ቀበቶውን ሁለት ቀዳዳ አጠበበ። ሐኪሙ ስኳሩ ከድንበሩ ወደ ኋላ መመለሱን ነግሮት ግፊቱንም ሁለቴ ለካው፤ የመጀመሪያውን አላመነውም ነበርና። እንቅልፍ መጥገብ ጀመረ። ጉልበቱ ግን ዛሬም ዳገት ላይ ያመዋል፤ ያም ሆዱን ባር ባር የማለት ነገር አልፎ አልፎ ይመጣበታል፤ ልዩነቱ እንደ ድሮው አልጋ አንጥፎ አለመቀመጡ ነው። በቢሮው ማንም ፋይል እንዳያቀብለው ከለከለ። የየክፍሉ ኃላፊዎችም በሳምንት ሁለት ቀን ከወንበራቸው ተነሥተው መስክ እንዲወጡ አለቆቹን አሳመነ፤ በመጀመሪያ ያጉረመረሙት ኃላፊዎች አሁን ቀናቸው ሲዘለል ይቆጣሉ። ሾፌሩም ቢሆን የጫማውን ማሰሪያ ጎንበስ ብሎ ማየት ችሏል። ለዚህ ሁሉ እኛ የተጠየቅነው ነገር ቢኖር ሽማግሌዎችን ስናከብር ወንበር ብቻ ሳይሆን መንገድም እንድንተውላቸው ነው።

አስተማሪዋም አንድ ቀን በደጃቸው ሲያልፍ አስቁመው «ታዲያ ያ 'ሰው ምን ይለኛል?' ያልከው ሰው ምን አለህ?» አሉት።

«በር ላይ ቆሞ 'ዘገየህ' ይለኛል እትዬ» አላቸው። «ተሳስቼ ነበር። ክብሬ ወንበሬ መስሎኝ ነበር።»

የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እሱን ግን ሐኪምም አይለካውም።

ሚስቱ ሦስት ወሩ ሳይሞላ፣ በሁለት ወር ከሳምንት «እሑድ እመጣለሁ» ብላ ደወለች። ኃላፊው ለምን እንደሆነ አልጠየቀም። እሑድ ጠዋት ሸሚዙን ሁለቴ ቀያይሮ አውቶቡስ ተራ ድረስ በእግሩ ሄደ። ከአውቶቡሱ ስትወርድ ቆማ ከራስ ጸጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ አየችው።

«መኪናውስ?»

«ቢሮ ነው ያለው። በእግሬ ነው የመጣሁት።»

ሻንጣዋን ከእጇ ተቀበላት። ከባድ ነበር፤ የዓመት ልብስ ነው። ጎን ለጎን መሄድ ጀመሩ።

«ቀደም አልሽ» አለ ኃላፊው።

«ናፍቀኸኝ ነው።»

«እኔም። ሁለት ወር ቀላል አይደለም።»

«የሁለት ወሩን አይደለም የምልህ» አለች ሚስቱ፣ ፊቷን ወደ መንገዱ እንዳደረገች። «ስድስት ዓመት ነው የናፈቅከኝ። አጠገቤ ተቀምጠህ። ሻንጣዬን ይዤ ስወጣ ላልመለስ ነበር። በስልክ ስትስቅ ስሰማ ልጃችን 'ማን ነው?' አለችኝ። አባትሽ ነው አልኳት፤ ከዚያ ተቀምጬ አለቀስኩ።»

ኃላፊው ሻንጣውን መሬት አስቀመጠ። ይቅርታ ሊጠይቃት አፉን ከፈተ። እሷ ግን ጎንበስ ብላ አንደኛውን የሻንጣ ጆሮ አነሣችና ሌላውን እስኪያነሣ ጠበቀችው።

«እስከ ቤት ስንት ይፈጃል?» አለችው።

«በእግር ሃምሳ ደቂቃ።»

«ያን ሁሉ ለመጫወት ይበቃናል?»

«ካልበቃን» አለ፣ «በዙሪያው እንሄዳለን።»